አማቶቼ ቤት የተያዘው ጉሮሮዬ

ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሁሉ «ወሎ እንዴት ነበር?» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ደረቴ ላይ ነው። ለአንዱ አውርቼ ለሌላው ስደግም ወሬው መልኩን እየቀየረ መጣ። ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን «ልጅሽ ወሎ ሄዶ አጥንት ዋጠ አሉ» ብላ እናቴን ልታጽናና ቤት ድረስ መጣች። አጥንት አልዋጥኩም። የወሎዋን መካነ ሰላም አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩት የድሬ ልጆች የሆነውን ሁሉ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ለማያውቀኝ፣ ኤፍሬም እባላለሁ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፍሪጅና ኤሲ እጠግናለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። የተዋወቅነው ዓረብ አገር ነው፤ እሷ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ እኔ ሹፌር ነበርኩ። ተያይዘን ተመለስንና ድሬ ላይ ተጋባን። አባቷ በስልክ መረቁን። እናቷ ግን «ፊቱን ያላየሁትን ሰው ምን ብዬ እመርቃለሁ?» ብለው ስልኩን ለባላቸው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ በደወለች ቁጥር ስለ ላሚቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ያወራሉ እንጂ ስለ እኔ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እንግዲህ ይህ ጉዞ ፊቴን የማሳያ ጉዞ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረብኝ። የዋጥኩት ምግብ ደረቴ መሃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንጀራ በወጥ ከራሰ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዳቦና ሥጋ ግን ውሃ ካልተከተላቸው ንቅንቅ አይሉም። ድሮም ቀርፋፋ በላተኛ ነበርኩ፤ በዚህ ሁለት ዓመት ግን ብሶብኛል። አጎቴ የሞተው በጉሮሮ ካንሰር ነው፤ የእሱም እንዲሁ ነው የጀመረው። ትርንጎ ስትጠይቀኝ «ጨጓራዬ ነው» እላታለሁ። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩትም የአጎቴን በሽታ ስም እንዳይጠራብኝ ፈርቼ ነው።

ሐሙስ

የድሬና የአዲስ አበባን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ አላሰለቻችሁም። ምሳ አዋሽ ላይ ቆምን። ትርንጎ ጥብስ አዘዘች፣ እኔ ሾርባ።

«ዛሬም ጨጓራህ?» አለችኝ።

«ዛሬም» አልኳት።

አዲስ አበባ እንደገባን መጀመሪያ የወሰደችኝ አልጋ ፍለጋ ሳይሆን ልብስ ፍለጋ ነው። ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያና ሁለት ጥንድ ካልሲ አስገዛችኝ። «ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብላት «ታየዋለህ» ብቻ አለች።

ዓርብ

በሙከጡሪ በኩል ወጣን። ሜዳው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ ጥቅምት ነበርና ገብሱ ደርሷል። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ጀማ ሸለቆ መውረድ ጀመረ። በወረድን ቁጥር ይሞቃል፣ ግራር ይበዛል፣ አየሩ የእኛን አገር የኤረርን ቆላ መሰለኝ። ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ «ምን ሆነሽ ነው ያስፈራራሽኝ አቦ!» አልኳት። ትርንጎ በመስኮት ታያለች። ወንዙን ተሻግረን ወደ ማዶው ስንወጣ ግን ትርንጎ እየሳቀችብኝ አንድ በአንድ መልሼ ለበስኩ። ዓለም ከተማን አልፈን ስንሄድ ካልሲውንም ደረብኩ።

መሃል መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ዳገቱ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው እፍኜን ሞሉልኝ። እኛ ጋ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን ያካፍላል፤ እዚህ ቆሎ ነው። ቆሎ ለእኔ ጠላቴ ነው። አንድ ሁለት ፍሬ ቆረጠምኩና ቀሪውን ቀስ እያልኩ ወደ ጃኬቴ ኪስ አወረድኩት። ሴትዮዋ እጄ ባዶ መሆኑን አይተው «እሰይ የእኔ ልጅ፣ ሲበላ ደስ ይላል» ብለው እንደገና ሞሉልኝ። ጎማው ተቀይሮ ስንነሣ ሁለቱም ኪሶቼ ሙሉ ነበሩ።

ያደርነው ደጎሎ ነው። ዓርብ ስለሆነ የጾም ነው፣ ሆቴሉ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጾም የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሽሮ ሲለሰልስ ያለ ጭቅጭቅ ይወርዳል። ደስ ብሎኝ በላሁ። የሆቴሉ ባለቤት ከንፈሬ መንቀጥቀጡን አይታ «ከወዴት ነህ?» አለችኝ። ድሬዳዋ ስላት ሳቀች፤ ገብታ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። «እንግዳ ደርቆ ተገኘ እንዳይሉኝ» አለች። ድሬ በዚህ ሰዓት እኛ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን፣ አንሶላ እንኳ ከብዶን ነው የምንተኛው። እዚህ በሁለት ብርድ ልብስና በአንድ ጋቢ ሥር፣ ከነጃኬቴ ተኝቼ እግሬ አልሞቀም። ፊት ለመታጠብ ያስቀመጡልን ውሃ ጠዋት ከፍሪጅ የወጣ ይመስል ነበር። «በዚህ አገር የእኔ ዓይነት ሠራተኛ በረሃብ ያልቃል» አልኳት ለትርንጎ።

ቅዳሜ

ከደጎሎ ሚኒባስ ይዘን ወደ አቀስታ፣ ከዚያም ወደ መካነ ሰላም። ትርንጎ ከተማው ሲቃረብ ነጠላዋን አሥር ጊዜ አስተካከለች። ስንደርስ አባቷ አባባ ይመር በር ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ትርንጎን አቅፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ፣ ከዚያ እኔን ሦስት አራቴ ሳሙኝ። እናቷ እማማ ደብሬ ከኋላ መጡ። ልጃቸውን ሲያዩ እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«እንደምን ዋሉ አቶ ኤፍሬም? መንገዱ እንዴት አረጎት?»

አንቱ! ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እናቴ እንኳን እስካሁን «አንተ ቆማጣ» ነው የምትለኝ። የአማት አክብሮት መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ቃሉ እንደ አገሩ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር።

ማዕድ ቀረበ። ዶሮ ወጥ ነው፣ ለእኔ ፈረሰኛውን አወጡልኝ። እኔ ደግሞ የለመድኩትን ዘዴ ጀመርኩ፤ መረቁን በእንጀራ እያጠቀስኩ እበላለሁ፣ ሥጋውን ከእንጀራው ሥር እሸሽጋለሁ፣ ወሬ አበዛለሁ። ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ግመሎቹ አወራሁ። አባባ ይመር ሳቁ። ተሳካልኝ ብዬ እጄን ስታጠብ እማማ ደብሬ ሰሃኑን ራሳቸው አነሡና እንጀራውን ገለጥ አደረጉ። ፈረሰኛው ሳይነካ ተኝቷል።

«አልጣመዎትም?»

«ኧረ በጣም ጣፋጭ ነው! ጠግቤ ነው እንጂ።»

«የት በልተው?»

እሳቸው መልስ ሳይጠብቁ ሰሃኑን ይዘው ወጡ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ኋላ አባባ ይመር አጠገቤ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን እየነካኩ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይክፋህ። እኔንም ከተጋባን በኋላ ብዙ ዘመን አንቱ ብላኛለች» አሉኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ተሰበሰበ። ለክርስቲያኑ አንድ በግ ታርዷል፤ ለሙስሊም ጎረቤቶች ደግሞ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የቤቱ ወዳጅ ለብቻ አርደው አስበስለዋል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ፣ ግን አንድ ዳስ ሥር አንድ ጨዋታ ነው። በዚህ በኩል ድሬን ድሬን ሸተተኝ፤ እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ጋሽ ሰይድ ልጆቻቸው ከዓረብ አገር በላኩላቸው ሚኒባስ የሚሠሩ፣ በየቃሉ «አብሽር» የማይለያቸው ሰው ናቸው።

ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ እማማ ደብሬ ተነሡ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እኔ መጡ። ከእንጀራው ውስጥ የጥብሱ ጫፍ ይታየኛል።

«አቶ ኤፍሬም፣ አፈር ስሆን።»

ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። ሰው የሚጠብቀው እኔ እንድጎርስ ብቻ አልነበረም፤ የእሳቸው ፊት እንዲፈታም ነበር። ትርንጎን አየኋት፤ ዓይኖቿ ይለምኑኛል። አፌን ከፈትኩ።

አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩ። ደረቴ መሃል ሲደርስ ቆመ። ውሃ ጠጣሁ፤ ውሃው በላዩ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ በአፍንጫዬ ወጣ። ደረቴን ሰው የረገጠኝ ያህል አመመኝ፤ ምራቄን እንኳ መዋጥ አቃተኝ። አንዱ ጀርባዬን ይደልቃል፣ ሌላው «ጠላ ስጡት» ይላል፣ ሌላው «ቅቤ!» ይላል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የእማማ ደብሬን ሁለት እጆች ጉንጬ ላይ አገኘኋቸው።

«አንተ ልጅ! እየኝ! አንተ ልጅ፣ እኔን እየኝ!»

እንዲያ ሆኜም ሰማኋት። አንተ አለችኝ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ «እሳቸው» ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ራሷ ናት ያስተወችኝ።

ጋሽ ሰይድ «አብሽር!» እያሉ ሚኒባሱን አስነሥተው ሆስፒታል አደረሱን። ተረኛዋ ሐያት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ጫጫታውን በእጇ ጸጥ አሰኝታ ፊቴ ተቀመጠች።

«ትንፋሽ ይገባልሃል?»

አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ምራቅህን እዚህ ትፋ። ማንም ውሃ እንዳይሰጠው፣ ጠላም፣ ቅቤም።» ቅቤ ያለው ሰውዬ ከበሩ ዞር አለ።

መርፌ ወጋችኝና ጠበቅን። ትርንጎ እጄን ይዛለች። ብዙ ቆይቶ፣ የተዘጋ ቧንቧ ድንገት እንደሚለቀው ጉርሻው ቁልቁል አለ። ቀና ብዬ ተነፈስኩ። ከበሩ ውጪ እልልታ ሰማሁ።

ዶክተር ሐያት ግን አልተነሣችም። «ጤነኛ ሰው ሥጋ አይይዘውም፤ ደረትህን ላየው» ብላ ራጅ አስነሣችኝ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ አየችው፤ እኔም አየሁት። ከልቤ ጥላ ኋላ አንድ ክብ ነገር አለ፤ ዳሩ የተስተካከለ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል።

«ካንሰር ነው?» አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። ትርንጎ እጄን ለቀቀች።

«ከዚህ ፊልም ብቻ አልናገርም። መቼ ጀመረህ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል። የአጎቴም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

«በልጅነትህስ?»

«እንጃ፤ ቀርፋፋ ነበርኩ። አላስታውስም።»

«የምታስታውስ ሰው አለች?»

እናቴ አለች። ስልኩ ግን ክፍሉ ውስጥ አይሠራም፤ የእኔም ድምፅ ሰልሎ ከፍ አይልም፤ ትርንጎ እያለቀሰች ነው። እማማ ደብሬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ግቢው ጥግ ኔትወርክ ያለበት አጥር ሥር ቆመች። በመስኮት እየሰማናት ነው።

«አሎ! የኤፍሬም እናት? እንደምን አሉ! እኔ የትርንጎ እናት ነኝ! አይደንግጡ፣ ልጁ ደህና ነው! ጡት ሲጠባ ያስመልሰው ነበር ወይ?»

ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። እናቴ ድሬ ላይ ምን እንደተሰማት አስቡት። ከዚያ እማማ ደብሬ እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቃለች። «እ... እ... ዳቦውን ሻይ ውስጥ ሳይነክር? ... ከስንት ዓመቱ? ... አይ የእኔ እናት፣ አያልቅሱ! ... እኔም እንጂ፣ እኔም እንጂ ያጎረስኩት!» ሁለቱም እያለቀሱ ነው። ሐኪሟ እየጠበቀች ነው። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ስለ እኔ ጡት መጣል፣ ስለ ትርንጎ ኩፍኝና ስለ ሁለቱም አገር አየር ተጨዋወቱ።

እማማ ደብሬ ተመልሳ እንደ ምስክር ቀጥ ብላ ቆመች። «ሕፃን ሆኖ ወተቱ ይመለስበት ነበር። ጥርስ አውጥቶም ዳቦ በሻይ ካልራሰ አይበላም። የሰፈሩ ልጆች ‹ሻይ በዳቦ› ነበር የሚሉት። ሲደክመው ሳይጨርስ ይተኛል። እናቱ ቅብጠት ይመስላት ነበር።»

የዶክተር ሐያት ፊት ተለወጠ። ወንበሯን ሳበች። «ከሕፃንነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ክፉው በሽታ ይህን ያህል ዘመን አይታገሥም። ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ነገር አለ። ልጅ በማህፀን ውስጥ ሲሠራ፣ የምግብ ቧንቧውና የአየር ቧንቧው ከአንድ ቦታ ተነሥተው ይለያያሉ። አልፎ አልፎ በዚያን ጊዜ ቁራጭ ነገር ለብቻው ይቀራል። ይከበብና ከረጢት ይሆናል፣ ፈሳሽ ይሞላል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይኖራል። እያደገ ሲሄድ ነው ቧንቧውን የሚጫነው። ያ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ደሴ ሄደህ ሲቲ ስካን ተነሣ።»

«አልትራሳውንድ እዚሁ የለም ወይ?» አሉ አባባ ይመር።

«አለ አባባ፤ ግን ሳንባ አየር ነው፣ በአየር ውስጥ አያይም።»

ሰኞ

ያን ቀን ዕረፍት ታዘዘልኝ፤ መካነ ሰላም ግን አላረፈችም። ወሬው ሳይነጋ ደርሷል። ጎረቤት ሁሉ የሚፈስ ነገር ይዞ መጣ፦ አጥሚት፣ በሶ በማር ተበጥብጦ፣ የተልባ ጭማቂ፣ እርጎ፣ ወተት። የጋሽ ሰይድ ባለቤት ሾርባ በፔርሙስ ይዘው መጡና «አላህ ያሽርህ» ብለው ራሴን ዳሰሱ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «እኔም ጥርስ የለኝም፤ አብሮ መጠጣት ነው» ብለው በሳቅ ገደሉኝ። ድሬ ብታመም ሰው ብርቱካንና ማንጎ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ገብሱን በየመልኩ ጠጣሁት። እስከ ማታ ሆዴ እንደ ጀሪካን ይንቦጫቦጭ ነበር።

ትርንጎ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ጨጓራ አልከኝ» አለች ሳትዞር።

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን ስትፈራ አጠገብህ ተኝቼ ነበር። እኔ ለምንህ ነኝ?»

እርጥቡን ሸሚዝ ከእጇ ተቀብዬ አሰጣሁ። ሌላም ሰጠችኝ። እንዲህ እየተቀባበልን ቅርጫቱን ባዶ አደረግነው። ስንጨርስ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን አሳርፋ «ነገ ያለውን ሁሉ አብረን ነው የምንሰማው» አለች።

ማክሰኞ

ጋሽ ሰይድ እኛን ለመውሰድ የተሳፋሪ ተራቸውን ለሌላ ሰጥተው መጡ። እማማ ደብሬ ሳትጠየቅ ጋቢዋን ደርባ፣ ፔርሙስ አቅፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባባ ይመር ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ።

ደሴ ሳይደርሱ የሚታለፈውን የጉጉፍቱን ደጋ ያላየ የድሬ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ደጋው ከዛፍ ባዶ ነው፤ ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በጎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ጋሽ ሰይድ መንገድ እስኪታያቸው መኪናውን አቁመው አጠፉ። ጉሙ ሳሳ ሲል ቁልፉን ቢያዞሩት እምቢ አለ። ልገፋ ስነሣ እማማ ደብሬ ደረቴን በእጇ ገፍታ መለሰችኝ።

«አንተ ቁጭ በል። ታመሃል።»

«ኧረ እማማ፣ እጄ ደህና ነው!»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

እንግዲህ ይህን ጉድ ስሙት፦ እኔ ሚኒባስ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልዬ ተቀምጬ፣ አማቴና ባለቤቴ ከኋላ ገፉኝ። በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ገበሬዎች በመስኮት አዩኝ፤ በሰላምታቸው ውስጥ ትዝብት ነበረበት። ከዚያ እነሱም አብረው ገፉና ተነሣ። ጋሽ ሰይድ «አብሽር፣ ንጉሥም እንዲህ አይገፋም!» ብለው እስከ ኩታበር መገንጠያ ድረስ ሳቁ።

ደሴ እንደ ደረስን ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ውጤቱ ለማግስቱ ተባለ። አልጋ ያዝን፤ እማማ ደብሬ ግን ልጃገረድ ሳለች የምታውቃት ዘመድ ቤት ካላደርን ብላ ተቆጣች፣ ስለዚህ የከፈልነውን አልጋ ትተን እዚያ አደርን። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው። ሞቀኝ።

ረቡዕ

ጠዋት የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በካሜራ አዩኝ። በአፌ ቱቦ አስገብተው ሲጨርሱ ምስሉን አሳዩን። የቧንቧው ግድግዳ ጤነኛ፣ ለስላሳ፣ ቁስል የሌለበት ነው፤ በአንድ ጎን ግን ከውጪ የሆነ ነገር ገፍቶት ጎብጧል።

«ለምርመራ ቁራጭ አይወስዱም?» አለች ትርንጎ። እኔም የአጎቴን አስታውሼ ይህንኑ ነበር የምጠብቀው።

«አልወሰድኩም። ከረጢት ከሆነ መውጋቱ ጀርም ያስገባበታል። መጀመሪያ ሲቲውን እንይ።»

ሲቲውን ያነበቡት የራጅ ሐኪም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞሩት። «ይሄ ልቡ። ይሄ አየር ቧንቧው። ይህቺ የተጣበበችው የምግብ ቧንቧው ናት። ይሄ ደግሞ...» በጣታቸው ዞሩት። «ውስጡ ሥጋ አይደለም፣ ፈሳሽ ነው። ዳሩ ንጹሕ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ አልገባም፣ ወደ ሌላ ቦታም አልሄደም። አብሮህ የተወለደ ከረጢት ነው። እኔም ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ወጥቶ ላቦራቶሪ ሲታይ ነው፤ ግን የምትፈራውን አይመስልም።»

ትርንጎ «ድገሙት፣ የመጨረሻውን ድገሙት» አለቻቸው። ደገሙት።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አልሐምዱሊላህ! አብሮ አደግህ ነዋ!» አሉ። እማማ ደብሬ ግን ገና አልሳቀችም። ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብላ በቀስታ ጠየቀች፦ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ነኝ ያጎረስኩት። በዚያ ምክንያት አይደለማ?»

ከእሑድ ጀምሮ ይህን ይዛ እንደ ዞረች ያን ጊዜ ገባኝ። መኪና የገፋችውም፣ ፔርሙስ ያቀፈችውም ለካ በዚህ ነው።

«እናቴ» አሉ ሐኪሙ፣ «እርስዎ ባያጎርሱት ኖሮ መቼ ይመጣ ነበር?»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ስትገልጠው እየሳቀች ነበር። ከሆስፒታሉ እስክንወጣ ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ አጉርሼ ያገኘሁለት» እያለች ነገረች። ለእኔ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ እንደሚሠራልኝ ተነገረኝ። ለዶክተር ሐያት በስልክ ነገርናት፤ «ኧረ! በዓይኔ አየሁት ማለት ነው!» ብላ እንደ ልጅ ጮኸች።

ሐሙስ እና ዓርብ

መመለሻ ነው። ሻንጣችን መካነ ሰላም ቀርቷል፣ በኋላ በሰው ይላካል ተባለ። ደሴ መናኸሪያ እማማ ደብሬን ልንሰናበት ስንል እሷ ቀድማ አውቶቡስ ገባች።

«እማዬ፣ ወዴት?» አለች ትርንጎ።

«የእናቱን አደራ በስልክ ተቀብያለሁ። አድርሼው እመለሳለሁ።»

ሐሙስን አዲስ አበባ አደርን፤ ዓርብ ወደ ድሬ ተሳፈርን። ከአዋሽ በኋላ ጋቢዋን አወለቀች፣ ከዚያ ሹራቧን፣ ከዚያ ነጠላዋን እንደ ማራገቢያ ያዘች። «ይህ አገር ከሥሩ ያነድዱበታል እንዴ?» አለችኝ። ለጃኬቴ የሳቀችብኝን ሳቅ ትርንጎ አሁን ለእናቷ ሳቀችላት።

ከዚህ ጉዞ በኋላ ያለውን ለሚጠይቁኝ በአጭሩ፦ አዲስ አበባ ተኝቼ ከረጢቱ ወጣ። ላቦራቶሪውም የደሴውን ሐኪም ቃል አጸና፤ ከልደት የመጣ ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም። ደረቴ ጎን ላይ ጠባሳ አለኝ። ሥጋ እበላለሁ፤ አሁንም ቀስ ብዬ ነው፣ ግን በልማድ ነው።

ያን ዓርብ ግን ይህ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር። ድሬ ስንገባ እናቴ መናኸሪያው ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ድምፅ ለድምፅ ይተዋወቃሉ፣ ፊት ለፊት ግን አዲስ ናቸው፤ አንድ አፍታ ማን ማንን እንደሚስም ጠፋቸው። ከዚያ ተቃቀፉ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ሻይ ውስጥ ካልነከርኩ አልበላም ሲል ስንት ቀን ገረፍኩት! እናቱ ሆኜ አላየሁለትም።»

እማማ ደብሬ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«እኔ በአንድ ጉርሻ ልገድለው ነበር። አንቺ በዚያ ጉሮሮ ይህን የሚያህል ሰው አድርገሽ አሳደግሽው። ማናችን ነን ማልቀስ ያለብን?»

እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ባጃጅ ውስጥ ገቡ፣ ስለ ሙቀቱ እያወሩ። ባጃጁ ተነሣና ሄደ። ትርንጎና እኔ ከነጋቢውና ከነፔርሙሱ ፀሐይ ላይ ቀረን።